ለማይጠጣ እንግዳ ምን እንቅዳ? የሻይ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

በባሕረ ሐሳቡ አቆጣጠር ጸደይ መጋቢት 26 ገብቶ ሰኔ 25 ይወጣል። ድሬዳዋ ላይ ይህ ወቅት ሙቀቱን አዝሎ ነው የሚመጣው፤ ግንቦትና ሰኔ ሲደርሱማ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው እንኳ ያልበዋል። ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎችም ወደ አንድ ነገር ያዘነብላሉ፦ አልኮል የሌለበት፣ ከሻይ የሚሠራ፣ ቀዝቅዞ የሚጠጣ። ከድሬዳዋና ከሐረር ከመጡት መካከል ብዙዎቻችሁን ይጠቅማሉ ያልኳቸውን መርጫለሁ።

ሻዩን አፍልቼ፣ ስኳር ጨምሬ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ሳወጣው የጎርፍ ውኃ መስሎ አገኘዋለሁ፤ ጣዕሙም ምላስ ይይዛል። ጥፋቱ የሻይ ቅጠሉ ነው ወይስ የእጄ? (ከሳቢያን)

እጅሽን አትውቀሺ፣ እህቴ። ሻዩ ትኩስ ሳለ ሟሙተው የነበሩት ካፌይንና ቀለም ሰጪዎቹ ውሕዶች ሲቀዘቅዙ እርስ በርስ ይያያዙና ደቃቅ ብናኝ ሆነው ይንሳፈፋሉ። መልኩን ያበላሻል እንጂ አይጎዳም። ሻዩ ሲወፍርና በድንገት ሲቀዘቅዝ ይብሳል።

ድሬዳዋ ላይ ደግሞ የውኃው ነገር አለ። የማንቆርቆሪያሽን ሆድ ተመልከቺ፤ እዚያ የተጋገረው ነጭ ቅርፊት ከውኃው የወጣ ኖራ ነው። ካልሲየም የበዛበት ውኃ ሻይን ያደፈርሳል፣ ፊቱ ላይ ስስ ስልባቦት መሰል ነገር ያነጥፋል፣ መዓዛውንም ያደክማል። ስለዚህ ከቅጠሉ በፊት ውኃውን አሰናጂ። አምስት ደቂቃ ያህል ይንተክተክ፣ ከዚያ ወርዶ ይረፍ። ኖራው ሲዘቅጥ ከላይ ያለውን ብቻ ቀስ አድርገሽ ቅጂ። ይህን አንድ ቀን ሞክሪውና የራስሽን ሻይ ካለፈው ጋር አስተያዪው።

እኔ ለሙቀት ወራት የምመርጠው ያለ እሳት የሚሠራውን ነው። አፍልተሽ ባቀዘቀዝሽው አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 10 ግራም ሻይ ቅጠል፣ አምስት የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ጨምሪ፤ ከድነሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ ስምንት ሰዓት አቆዪው፤ ከዚያ አጥልዪው። ቀዝቃዛ ውኃ ምላስ የሚይዙትን ታኒኖች እንደ ሙቅ ውኃ አሟጦ አያወጣም። ሻዩ የጠራ ይሆናል፤ ምሬት ስለሌለውም ስኳሩን በግማሽ ብትቀንሺው አይታወቅም።

በእሳት ካልሆነ ሻይ አይመስለኝም ካልሽ፣ ቅጠሉን በፈላው ውኃ ላይ ጨምረሽ ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ ካቆየሽ በኋላ አውጪው። ቅጠሉን ሳናወጣ ሻዩን ምድጃ ዳር ማቆየት ብዙዎቻችን የለመድነው ነገር ነው፤ ያ ምሬት የሚመጣው ከዚያ ነው። ሻዩ ጠረጴዛ ላይ በራሱ ጊዜ ይብረድ፣ ከዚያ ወደ ማቀዝቀዣ ይግባ። ደፍርሶ ካገኘሽው ጥቂት የፈላ ውኃ ጠብ አድርጊበት፤ ይጠራል። ሎሚም ይረዳል። ሎሚ ሲገባበት ቀለሙ ቢፈዝ አትደንግጪ፤ አሲዱ ነው፣ ሻዩ አልቀጠነም።

በሰኔ የልጃችን ምርቃት አለ። ከምንጠራቸው 30 እንግዶች ግማሾቹ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ከቀሩትም የማይጠጡ አሉ። ቢራና ለስላሳ እንገዛለን። ቤት ውስጥ ምን ብንሠራ ይሻላል? (አባት፣ ከከዚራ)

ጥያቄዎን ሳነብ ደስ ብሎኛል። በስንት ድግስ ላይ ያየሁት ነገር ነው፦ ለሚጠጣው ሰው ማሩ ተመርጦ፣ ጌሾው ተወቅጦ፣ ጠጁ ሳምንታት ተጠምቆ ይቀርባል፤ ለማይጠጣው ጠርሙስ ይከፈትለታል። ሁለቱም ግን የቤቱ እንግዶች ናቸው። እንደ ድሬዳዋ ባለ፣ የሁለቱም እምነት ሰዎች በአንድ ገበታ በሚቀመጡበት ከተማ ይህ ልዩነት ያሳዝነኛል።

ከርከዴ ይሥሩላቸው። ቀይ ቀለሙ ለድግስ የሚሆን ነው፤ ኮምጠጥ ማለቱም ከሥጋ ወጥ ጋር ይስማማል። ለ30 ሰው፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ብርጭቆ ቢታሰብ፣ 15 ሊትር ይበቃል። ሩብ ኪሎ ዝንጅብል ወቅጠው፣ ከሦስት እንጨት ቀረፋና ከጥቂት ቅርንፉድ ጋር በ5 ሊትር ውኃ ሩብ ሰዓት ያፍሉ። እሳቱን ያጥፉና 300 ግራም ደረቅ ከርከዴ ይጨምሩበት። 15 ደቂቃ ከቆየ በኋላ አጥልለው፣ ገና ትኩስ ሳለ ሦስት ሩብ ኪሎ ስኳር ያሟሙበት። ይህ ዋዜማውን የሚሠራ ነው። በማግሥቱ በ10 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃና በረዶ ያቅጥኑት፣ የብርቱካን ክትፍና የናና ቅጠል ይበትኑበት። በረዶውም ከፈላ ውኃ የተሠራ ይሁን። አንድ ነገር አደራ፦ በአሉሚኒየም ድስት አያሳድሩት፤ አሲዱ ብረቱን ይበላል። የማይዝግ ብረት፣ ብርጭቆ ወይም ለምግብ የተሠራ ፕላስቲክ ይጠቀሙ።

ሲያቀርቡም ለወይን ባወጧቸው ብርጭቆዎች ይቅዱት። በአንድ ጥግ ለብቻው አይቀመጥ፤ ትሪው በሁሉም ፊት ይዙር። ቢራ ከሚጠጡት እንግዶችዎም ብዙዎቹ እጃቸውን እንደሚዘረጉ አልጠራጠርም።

ከርከዴ ላይ ወተት ጨመርኩበትና ተቆራረጠ። ወተቱ ተበላሽቶ ነበር? (ከለገሃሬ)

ደህና ወተት ነበር። የወተት ፕሮቲን ኮምጣጣ ነገር ሲያገኘው ይረጋል፤ አይብ የሚወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከርከዴ፣ ሎሚና ሁመር ከወተት ጋር አይሄዱም። ወተት የምትወድ ከሆነ በሄልና በዝንጅብል የፈላ ጥቁር ሻይ ላይ ጨምር።

ሻይ ቅጠልና ውኃ በጠርሙስ አድርጎ ፀሐይ ላይ በማዋል ሻይ ይሠራል ሲሉ ሰማሁ። የእኛ ፀሐይ ለዚህ አትበቃም? (ከገንደ ቆሬ)

ፀሐያችን ለብዙ ነገር ትበቃለች፤ ለዚህ ግን እንዳትሞክረው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውኃ ለብ ይላል እንጂ ጀርም እስኪገድል አይግልም። ለብታ ደግሞ ባክቴሪያ የሚራባበት ነው። ወይ አፍላው፣ ወይ በማቀዝቀዣ አሳድረው።

አያቴ ቁጢ ታፈላልን ነበር። ልጆቼ ትኩሱን እንቢ ይሉኛል። ቀዝቅዞ ቢቀርብ ነውር ይሆናል? (እናት፣ ከሐረር ጁገል)

ምንም ነውር የለውም፤ እንዲያውም ልጆችሽ የአያትሽን ጣዕም ይዘው እንዲያድጉ ከረዳ እሰየው ነው። ለማያውቁት አንባቢዎች፦ ቁጢ የቡና ቅጠል ነው፤ ደርቆ፣ ምጣድ ላይ ተቆልቶና ተፈርፍሮ ይፈላል። የቡናው ገለባ በወተት ሲፈላ ደግሞ ሆጃ ይባላል። የቡና ፍሬውን ዓለም በሐረር ስም ሲያውቀው ቅጠሉና ገለባው እዚሁ እናቶች ጓዳ ቀርተዋል። የአውሮፓ ኅብረት የቡና ቅጠል ሻይ በገበያው እንዲሸጥ የፈቀደው በ2012 ዓ.ም.፣ በእነርሱ 2020 ነው። ለእኔ የሚገርመኝ የእነርሱ መዘግየት ሳይሆን እኛ ከቤት ውጭ ሳንጠጣው መኖራችን ነው፤ በከተማው ሆቴሎችም ቀዝቅዞ ቢቀርብ እወዳለሁ።

ለአንድ ሊትር ውኃ ሁለት እፍኝ የተቆላ ቅጠል በዝግታ እሳት አሥር ደቂቃ አፍዪ። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፤ ድሬዳዋ ላይ 96 ይደርሳል። ስለዚህ የድሬዳዋ ዘመድሽ ከነገረችሽ ደቂቃ ላይ ትንሽ ጨምሪ። አያትሽ ቆንጠር የምታደርገውን ጨው አትተዪ፤ ምሬቱን ያለዝባል። አጥልለሽ አቀዝቅዢው፤ ለልጆቹ በማርና በሎሚ፣ ለራስሽ ፈልቶ በቀዘቀዘ ወተት። ማርና ሎሚ ባለበት ላይ ወተት አይጨመር። ቁጢም ካፌይን አለውና ልጆቹ ጥቂት ብቻ፣ ያውም በቀን ይጠጡ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ማር ፈጽሞ አይሰጥም።

የዝንጅብል ሻይ በስኳር ሠርቼ በጠርሙስ አስቀምጬ ነበር። በሦስተኛው ቀን ስከፍተው ተስፈነጠረ፣ አረፋም አወጣ። ሐራም ሆኖብኛል? (ከመጋላ)

የሃይማኖቱን ብይን ለዓሊሞች እተዋለሁ፤ ጓዳውን በሚመለከት ግን መጠጡ መብላላት ጀምሯል። ዝንጅብል ላይ በተፈጥሮ ያለው እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ጋዝ ይለውጠዋል። ብርዝ ቆይቶ የሚሞቀውም በዚሁ ነው። በድሬዳዋ ሙቀት አንድና ሁለት ቀን ይበቃዋል። እኔ ብሆን እደፋው ነበር። ከእንግዲህ ዝንጅብሉን ልጠሽ በደንብ አፍዪ፣ ጠርሙሱን በፈላ ውኃ እጠቢ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጠሽ በሁለት ቀን ጨርሺው። አንዳንዶች እርሾ እያስገቡ የሚሠሩት ኮምቡቻ የተባለው ሻይም ጥቂት አልኮል አለው፤ አልኮል ፈጽሞ ለማይነካ ሰው አይቀርብም።

ነፍሰ ጡር ነኝ። ከእነዚህ ውስጥ የትኛውን ልተው? (ከድሬዳዋ)

እህቴ፣ ጤና አዳምንና ከርከዴን እስክትወልጂ ተዪ። ጤና አዳም ማኅፀንን ያነሣሣል። ጥቁር ሻይ በቀን አንድ ሁለት ስኒ ብዙ አያሰጋም፤ ነገር ግን ከምግብ ጋር አትጠጪው። ታኒኑ ከጥራጥሬና ከጎመን የምታገኚውን ብረት ሰውነትሽ እንዳይወስደው ያግዳል። አንድ ሰዓት ጠብቂ። ለገበታሽ ሎሚ በውኃ ይሻልሻል፤ ብረቱን በማስገባት ያግዛል። ከርከዴ የደም ግፊትንም ዝቅ ስለሚያደርግ፣ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ አንባቢዎቼም ከማዘውተራቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።

ማቀዝቀዣ የለኝም፤ ጎረቤቴም ያላት መብራት ሲጠፋባት እንደ እኔ ናት። ምን እናድርግ? (ከደቻቱ)

ሸክላ ይኑራችሁ። ያልተቀባ የሸክላ እንስራ በግድግዳው ውኃ ያልባል፤ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። አየሩ ደረቅ በሆነ ቀን በደንብ ይሠራል። እንስራውን ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አስቀምጡት፤ ከሥሩ እርጥብ አሸዋ ብታደርጉለት ይበልጥ ይቀዘቅዛል። በውስጡ ንጹሕ ውኃ ብቻ ይሁን። ሻዩን በጠርሙስ ዘግታችሁ ውኃው ውስጥ አጥልቁት፣ በላዩ እርጥብ ጨርቅ ጣሉበት። የጠዋቱን ሻይ ከሰዓት በኋላ ጠጡት፤ ለነገ አታሳድሩት።