ጥያቄና መልስ፦ ፓኬጅ ሲጫን ብልጭ ብሎ የሚያልፈው መልዕክት

ጥያቄ፦ የኡቡንቱ ሰርቨራችንን አፕዴት ሳደርግ መሃል ላይ ስለ አንድ የድሮ ሴቲንግ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ብልጭ ብሎ አለፈ። ወደ ላይ ስክሮል ባደርግም አጣሁት። ተመልሼ ላየው እችላለሁ? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ይችላሉ። አፕት (የኡቡንቱ ፓኬጅ ጫኝ) ፓኬጅ ሲጭን ተርሚናሉ ላይ የወጣው ጽሑፍ «/ቫር/ሎግ/አፕት/ተርም.ሎግ» ውስጥ ይቀመጣል። ፋይሉን ተራ ተጠቃሚ ስለማያነበው በሱዶ (በአስተዳዳሪ ፈቃድ) ይክፈቱት። እያንዳንዱ ጭነት የጀመረበት ቀንና ሰዓት ከላዩ አለ፤ ከዚያ የፓኬጁን ስም ይፈልጉ። ሎጉ በየወሩ ስለሚታሸግ የቆየውን በዚለስ (የታሸገ ፋይል በሚያነበው ኮማንድ) ያንብቡ። በአፕት ሳይሆን ከአፕት ሥር ባለው መሣሪያ፣ በቀጥታ በዲፒኬጂ፣ የጫኑት ግን እዚህ አይገኝም።

ለሚቀጥለው አፕት-ሊስትቼንጅስ የሚባለውን ፓኬጅ ይጫኑ። አዲሱ ፓኬጅ ከወረደ በኋላ፣ ገና ሳይፈታ፣ አዘጋጆቹ የጻፉትን ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ያሳያል። «/ኢቲሲ/አፕት/ሊስትቼንጅስ.ኮንፍ» ውስጥ «ዊች»ን «ኒውስ»፣ «ኮንፈርም»ን «ትሩ» ካደረጉት «ልቀጥል?» ብሎ ይጠይቅዎታል፤ አይሆንም ብለው ማቆም ይችላሉ። ሌሊት በራሱ አፕዴት የሚያደርግ ሰርቨር ከሆነ የኢሜይል አድራሻም ይሙሉለት። ማሽኑ ላይ ፖስትፊክስን የመሰለ ደብዳቤ ላኪ ከሌለ ግን ማስጠንቀቂያው አይደርስዎትም፤ በብዙ ቢሮ የሚረሳው ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ለመሥሪያ ቤታችን የዴቢያን (የኡቡንቱ መሠረት የሆነው ሲስተም) ፓኬጅ አዘጋጃለሁ። ፖስትኢንስት (በጭነቱ መጨረሻ የሚሠራው) ስክሪፕት ውስጥ በኤኮ (ጽሑፍ በሚያወጣው ኮማንድ) የምጽፈውን ማንም አያነበውም። ቀይ ቀለም ልቀባው?

መልስ፦ ቀለሙ አይረዳዎትም። የእርስዎ ስክሪፕት ተናግሮ ሳይጨርስ የሚቀጥለው ፓኬጅ መስመሮች ይከተሉና ይቀብሩታል። ፍሪቢኤስዲ የሚባለው ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፓኬጅ ጫኝ፣ ፒኬጂ፣ መልዕክቶቹን ሰብስቦ መጨረሻ ላይ ያወጣቸዋል፤ «ፒኬጂ ኢንፎ» ከትልቁ ዲ ጋር ሲጻፍም ደግሞ ያሳያል። አፕት ይህ ስለሌለው መልዕክቱን በዓይነቱ ቦታ ቦታ ማስያዝ የእርስዎ ሥራ ነው።

አሮጌውን ስሪት የሚጠቀሙ ሰዎችን የሚነካ ለውጥ «ዴቢያን/ኒውስ» ፋይል ላይ ይጻፍ፤ አፕት-ሊስትቼንጅስ የሚያሳየው እሱን ነው። የስሪት ቁጥሩን ለውጡ ከገባበት ስሪት ጋር አንድ ያድርጉት፤ ከተሳሳተ ወይ ለማይመለከተው ይታያል፣ ወይ ለሚመለከተው ሳይታይ ይቀራል። አዲስ ጫኚ ይህን አያይም፤ ለእሱ «ሪድሚ.ዴቢያን» አለ።

ኤኮ የግድ ከሆነ ለስክሪፕቱ የሚሰጠውን ሁለተኛ መለኪያ (ፓራሜትር) ይመርምሩ። ስክሪፕቱ «ኮንፊገር» ተብሎ ሲጠራ ሁለተኛው መለኪያ ቀድሞ የነበረውን ስሪት ይይዛል፤ ባዶ ከሆነ ጭነቱ የመጀመሪያ ነው። እንዲህ ለይተው ለሚመለከተው ብቻ ይናገሩ። በዴብኮንፍ (በጭነት ጊዜ ተጠቃሚውን በሚያነጋግረው መሣሪያ) የሚወጣ ማስታወሻ ስክሪኑን ይዞ ስለሚያቆም ይታያል፤ ነገር ግን ጭነቱን ያስቆማል፣ ያለ ሰው በሚሠራ ጭነት ላይ ደግሞ ሳይታይ ያልፋል። ዳታ ሊጠፋ ለሚችልበት ጉዳይ ብቻ ያቆዩት።

ከሁሉ የምንመርጠው ችግሩ እስኪፈታ የሚቆየውን መልዕክት ነው። ኡቡንቱ ሪስታርት ሲያስፈልገው «/ቫር/ራን/ሪቡት-ሪኳየርድ» የሚል ፋይል ይፈጥራል፤ ማሽኑ ሪስታርት እስኪደረግ በየሎግኢኑ ያስታውሳል። የእርስዎም ፕሮግራም ሲነሳ ያልተሠራ ነገር ካለ ራሱ ይናገር።

አጻጻፉም ይታሰብበት። «የዳታቤዙ ቅርጽ ተቀይሯል» ብቻውን አንባቢውን ምን እንደሚያደርግ አይነግረውም። «አገልግሎቱን ከማስነሳትዎ በፊት ባክአፕ ይውሰዱ፤ ከዚያ የማይግሬሽን ኮማንዱን ያስኪዱ፤ አለዚያ አገልግሎቱ አይነሳም» ይበሉት። «ጭነቱ ተሳክቷል፣ እናመሰግናለን» የሚለውን ግን ያጥፉ። ሰው ማንበብ የሚተወው በእንዲህ ያለው ሲሰለች ነው።

ጥያቄ፦ በኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ ጫኝ) ስጭን የፓኬጆቹ መልዕክት መታየት አቆመ። ለምን?

መልስ፦ በ2020 ከወጣው ከስሪት 7 ጀምሮ የጥገኛ ፓኬጆች (የሚጭኑት ፓኬጅ ወይም ፕሮጀክትዎ የሚፈልጋቸው) ስክሪፕት ከጀርባ ነው የሚሠራው፤ ካልከሸፈ የሚጽፈው አይታይም። ማየት ከፈለጉ ሲጭኑ «--ፎርግራውንድ-ስክሪፕትስ» ይጨምሩ። ፓኬጅ የሚያወጡ ከሆነ ማስጠንቀቂያውን ከመጫኛ ስክሪፕቱ አውጥተው ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሲነሳ እንዲታይ ያድርጉት።