መልስ፦ ዘይት ስቀንስ ሽሮዬ ለምን ይጓጉላል?

ዘይቱን ወደ ሁለት ማንኪያ ቀንሰህ ዛሬ የሠራኸው ሽሮ እንደጓጎለብህ፣ ሽሮውንም ደረቁን እንደነሰነስከው ነግረኸኛል። የዘይቱ ማነስ አይደለም ችግሩ። ደረቁን ሽሮ የፈላ ውሃ ላይ ስትነሰንሰው ውጪው ወዲያው ይበስልና ውስጡን ዱቄት እንደሆነ ይዘጋዋል። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው።

1. ቀይ ሽንኩርቱን አድቅቀህ ክተፍና ያለ ዘይት በመጠነኛ እሳት አቁላላው። ድስቱን መያዝ ሲጀምር ውሃ ጠብ አድርግበት። በደንብ ሲለሰልስ ያችን ሁለት ማንኪያ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት ጨምር። ዘይቱ ሽንኩርቱ ከለሰለሰ በኋላ ስለሚገባ ጣዕሙ ይታወቃል። ቲማቲም ከተወደደ ይቅር፤ ሽሮ ያለሱም ሽሮ ነው።

2. ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጨምረህ አፍላ። ለብቻ፣ ሞላ ያለ አራት የሾርባ ማንኪያ ሽሮ በግማሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በሹካ ምታ፤ ቀጠን ያለ ሊጥ ሲመስል በአንድ እጅህ እያፈሰስክ በሌላው አማስል።

3. እሳቱን ቀንስና 20 ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። ጥሬ ጥሬ መሽተቱን ሲተው፣ ዘይቱም ዳር ዳሩን ብቅ ሲል በስሏል። ሲበርድ ስለሚወፍር ትንሽ ቀጠን እንዳለ አውጣው።

ዛሬ የጓጎለውንም አትድፋው፤ በማማሰያው ጀርባ ከድስቱ ግድግዳ ጋር እየደፈጠጥክ አሟሟው፣ ወይም በወንፊት አሳልፈው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፦ ከሱቅ የምትገዛው ሚጥን ሽሮ ብዙ ጊዜ በርበሬውም ጨውም አለበት። ስለዚህ ጨው አስቀድመህ አትጨምር፣ ሊወጣ ሲል ቅመሰው። ውሃው እየተነነ ሲሄድ ጨውነቱ ይብሳል፤ ለማስተካከል ደግሞ ሌላ ሽሮ መበጥበጥ ነው፣ እሱም ወጪ ነው።