የፈረስ ጭራ «ዘር» አለው ወይ?

ጥያቄ፦ ለተማሪዎች በተዘጋጀ ጽሑፍ ላይ «የፈረስ ጭራ የተባለው ተክል ዘሩን በነፋስ ይበትናል» የሚል አነበብኩ። ባልደረባዬ «ስፖሩን» መባል አለበት ይላል። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ናቸው። ይህ ነገር እኔን ሁሌም ያንገበግበኛል። «ዘር» ከባድ ቃል ነው። የግዕዙ ዘርእ፣ የዕብራይስጡ ዜራዕ፣ የዓረብኛው ዘርዕ ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። በአማርኛ የሚዘራው እህልም ዘር ነው፣ ትውልድም ዘር ነው። «ዘር ከልጓም ይስባል» የምንለው ልጅ ወደ ወላጁ ይሄዳል ብለን ነው። የስንዴ ዘር ውስጥ ጽንሱ ከነስንቁ ተቀምጧል። ሲዘራ ያው ስንዴ ይሆናል።

የፈረስ ጭራ እንዲህ አይደለም። በአውሮፓ ማሳዎች የታወቀውን ዓይነት እንውሰድ። በጸደይ መጀመሪያ አረንጓዴነት የሌለው ቡናማ ግንድ ይወጣል። ጫፉ ላይ ካለው ራስ ብናኙን፣ ማለትም ስፖሩን፣ ይለቅና ይደርቃል። አረንጓዴው ግንድ የሚከተለው ከዚያ ነው። እያንዳንዷ ብናኝ አንዲት ሕዋስ ናት። ጥብጣብ የመሰሉ አራት ክሮች አሏት፤ አየሩ ሲደርቅ ይዘረጋሉ፣ ሲረጥብ ይጠቀለላሉ። በማይክሮስኮፕ እያዩ ትንፋሽዎን ቢለቁባት ኩምትር ትላለች፤ መልሳ ስትደርቅ እመር ልትል ትችላለች። እርጥብ መሬት ላይ ስትበቅል ግን እናቷን አትሆንም። ጥቂት ሚሊ ሜትር የምታክል ሌላ አረንጓዴ ነገር ትሆናለች። ወንዴና ሴቴ ሕዋሳት የሚፈጠሩት እዚያ ላይ ነው። ወንዴው በውሃ ዋኝቶ ሴቴዋን ሲያገኝ ነው ባለ ግንዱ ተክል የሚጀምረው። ታዲያ «ዘር» የቱ ነው?

«ስፖር ራሱ በግሪክ መዝራት ማለት ነው፤ ዘር ቢባል ምን አለበት?» የሚሉ አሉ። ግሪኩ እውነት ነው፣ ክርክሩ ግን ውሃ አያነሳም። የጥንት ግሪኮች ማይክሮስኮፕ ስላልነበራቸው ስፖርን ከዘር ለይተው ሊሰይሙ አይችሉም ነበር።

እኔ የምመርጠው «ብናኝ»ን ነው። ከቆረጠ ቁራጭ፣ ከቀደደ ቅዳጅ፣ ከበጠሰ ብጣሽ እንደሚወጣ፣ ብናኝም ከበነነ ይወጣል። ጠ ወደ ጭ፣ ደ ወደ ጅ፣ ሰ ወደ ሽ፣ ነ ወደ ኝ ይለወጣል። ብጣሽ ወረቀት ከትልቁ ተለይታ የቀረች ትንሽ ነገር አይደለች? ስፖርም ያው ነው። «ብናኝ የአበባው ነው» ብለው የሚሞግቱኝ አሉ። ያንን «የአበባ ብናኝ» ካልነው ይበቃል። የፈረስ ጭራ አበባ የለው፤ ምኑ ከምኑ ይምታታል?

ግን ተማሪውም መምህሩም «ስፖር» ማለት ለምዷል። ወድጄ ባይሆንም እቀበላለሁ። «ዘር»ን ግን አልቀበልም። ስለዚህ «የፈረስ ጭራ ስፖሩን በነፋስ ይበትናል» ተብሎ ይታረም። «ጭራ»ን «ጅራት» ለማድረግ ደግሞ እንዳይሞክሩ። የላቲን ስሙ ኢኩዊሴተም «የፈረስ ጠጉር» ማለት ነውና ጭራ ይቀርበዋል።