ፎልደሬ ቦታውን ረሳ፤ ፎርማት ላስደርገው?

ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ፎቶ ቤት ያላት አንዲት እህት እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦

«ወንድሜ፣ ሥራዬ ሁልጊዜ ሁለት ፎልደር ጎን ለጎን ከፍቶ ነው። በግራ የካሜራው ሚሞሪ፣ በቀኝ የደንበኛው ፎልደር። ፎቶ እየመረጥኩ ከግራ ወደ ቀኝ እጎትታለሁ። ድሮ ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ አንዴ ካስተካከልኩት በነጋታውም እዚያው አገኘው ነበር። አሁን ያለኝ ዊንዶውስ ቴን ነው፣ ከድሬ ያገለገለ ገዝቼ። ዘግቼ ስከፍት ሁለቱም ቦታቸውን ይስታሉ። በትልቁ እንዲታዩ ያደረግኳቸው ፎቶዎችም አንዳንዴ ስማቸው ብቻ ተደርድሮ ይጠብቀኛል። እዚህ ያሳየሁት ልጅ ፎርማት ካልተደረገ አይስተካከልም አለኝ። እውነት ነው?»

እህቴ፣ በዚህ ምክንያት ፎርማት፣ ማለትም ሁሉን አጥፍቶ ዊንዶውስን ከአዲስ መጫን፣ እንዳታስደርጊ። ፎርማት ቢደረግም አዲሱ ዊንዶውስ ያንኑ ነው የሚያደርገው። ብርሽም ጊዜሽም ይባክናል፣ በመሃል ፎቶ ከጠፋ ደግሞ ጣጣው ሌላ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ወዳለው ሱቄ ኮምፒውተራቸውን ተሸክመው በዚሁ ጉዳይ የሚመጡ ሰዎች አሉ። ብዙውን ጊዜ ምንም የተበላሸ ነገር የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ስለ አንድ ፎልደር ሁለት ነገር ይመዘግባል። አንደኛው የውስጡ ገጽታ ነው፤ ፎቶው በትልቁ ይታይ ወይስ በዝርዝር፣ በቀን ይደርደር ወይስ በስም። ሁለተኛው መስኮቱ ራሱ ነው፤ ስፋቱና ስክሪኑ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ። ኤክስፒ ሁለቱንም ለእያንዳንዱ ፎልደር ለየብቻ ይይዝ ነበር። ስለዚህ ትዝታሽ ልክ ነው። በ2009 የወጣው ዊንዶውስ ሰቨን ግን ሁለተኛውን ተወው። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ፎልደር የሚያገለግል አንድ ልክና አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው። እሱም መጨረሻ ላይ የዘጋሽው መስኮት የነበረው ነው። ቴንም ኢለቨንም እንደዚያው ናቸው። በእኔ እምነት ይህን ማንሳታቸው ጥሩ አልነበረም። እንዳንቺ ቀኑን ሙሉ በሁለት ፎልደር መሃል የሚሠራ ሰው በየቀኑ ይጎዳበታል።

እንዳትጠራጠሪ አሁኑኑ ሞክሪው። የተከፈተ ፎልደር ካለ ሁሉንም ዝጊ። አንድ ፎልደር ክፈቺ። ሙሉ ስክሪን ከሆነ ከላይ በቀኝ ካሉት ሦስት ምልክቶች መሃከለኛዋን ተጫኚ፣ መስኮቱ ያንሳል። ጠርዙን ይዘሽ አጥብቢው፣ ወደ ግራ ጥግ ውሰጂውና ዝጊው። አሁን ጨርሶ ሌላ ፎልደር ክፈቺ። በዚያው ልክ፣ እዚያው ግራ ጥግ ላይ ይመጣል። የፎልደሩ ማንነት አያገባውም፣ የሚከተለው መጨረሻ የተዘጋውን ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው መላ ከዚህ ይመጣል። አዘጋግሽ ላይ ተጠንቀቂ። ማታ ሥራ ስትጨርሺ ልኩና ቦታው የሚመችሽን መስኮት የመጨረሻ አድርገሽ ዝጊው። ሙሉ ስክሪን አድርገሽ ግን አትዝጊ። መብራትም አለበት። መስኮቱ የት እንደነበር የሚመዘገበው ሲዘጋ ነው። ፎልደሩ እንደተከፈተ መብራት ከሄደና ኮምፒውተሩ ድርግም ካለ፣ ያስተካከልሽው ሳይመዘገብ ይቀራል። ድሬም ሐረርም መብራት እንዴት እንደሚያደርገን ታውቂዋለሽ። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ዩፒኤስ ከሌለሽ ለፎቶዎችሽም ስትዪ አንድ ግዢ።

ይህ ግን የሚያስተካክልልሽ አንድ መስኮት ነው። የአንቺ ሥራ በሁለት ነው። እኔ ለራሴ የምጠቀመው በየጊዜው በእጅ ማስተካከሉን ትቼ ኪቦርዱን ነው። ሁለቱንም ፎልደር ክፈቺ፣ የሚሞሪውን ክሊክ አድርገሽ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዘሽ የግራ ቀስት ተጫኚ። መስኮቱ የስክሪኑን ግራ ግማሽ ይይዛል። ወዲያው በቀኝ በኩል ሌሎቹ ክፍት መስኮቶች በትንንሹ ይደረደራሉ። የደንበኛውን ፎልደር ክሊክ ስታደርጊ ቀኙን ይሞላል። በቃ። መሃላቸው ያለውን መስመር ይዘሽ ብትጎትቺ አንዱ ሲሰፋ ሌላው አብሮ ይጠባል። ለሚሞሪው ሰፋ ያለ ቦታ ስጪ፣ የምትመርጪው ከዚያ ስለሆነ። በነጋታው ይህ አይቆይሽም፣ ግን እጅሽ ከለመደ ጥቂት ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

ቋሚ ነገር እፈልጋለሁ ካልሽ ማይክሮሶፍት ራሱ በነጻ የሚሰጠው ፓወርቶይስ የሚባል ፕሮግራም አለ። ቴንም ኢለቨንም ላይ ይሠራል። ውስጡ ፋንሲዞንስ የሚል ክፍል አለው። ስክሪንሽን አንዴ እንደፈለግሽ ትከፋፍዪዋለሽ፣ ለምሳሌ ግራው ሰፊ፣ ቀኙ ጠባብ። ከዚያ ሺፍት ይዘሽ መስኮቱን ስትጎትቺ ክፍሎቹ ብቅ ይላሉ፣ የፈለግሽው ላይ ትለቂዋለሽ። ክፍፍሉ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳም ይቆያል። ለፎቶ ቤት በጣም የምመክረው ይኼን ነው።

የፎቶዎቹ ገጽታ መጥፋት ሌላ ጉዳይ ነው። ይኼኛውን ዊንዶውስ ዛሬም ለየፎልደሩ መያዝ አለበት። የሚይዘው ግን ፎልደሩ ውስጥ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ላይ፣ ሬጅስትሪ በሚባለው መዝገብ፣ በአንቺ ዩዘር ስም ነው። ለዚህ ነው ሌላ ሰው በራሱ አካውንት ሲገባ ያንቺን የማያገኘው። መዝገቡም ገደብ አለው። በተለምዶ የ5000 ፎልደር ያህል ገጽታ ይይዛል። ለየደንበኛው፣ ለየሰርጉ፣ ለየልደቱ ፎልደር ለሚከፍት ሰው ይህ ሩቅ አይደለም። ሲሞላ መርሳት ይጀምራል።

ፎልደር በፎልደር ከመልፋት ከላይ ካለው ጀምሪ። የደንበኞች ፎቶ ሁሉ ያለበትን ዋናውን ፎልደር ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ከስተማይዝ የሚለውን ክፈቺ። ፎልደሩ ለምን እንደሚያገለግል ይጠይቅሻል፤ ፒክቸርስ የሚለውን ምረጪ። ከሥሩ ያለችው ሳጥን ውስጥ የራይት (✓) ምልክት አድርጊ፣ ውስጡ ያሉት ፎልደሮችም እንዲከተሉ። ቀጥሎ አንዱን የፎቶ ፎልደር ክፈቺና ፎቶዎቹን በምትፈልጊው መጠን አድርጊ። ከላይ ቪው፣ ኦፕሽንስ፣ እንደገና ቪው ግቢና አፕላይ ቱ ፎልደርስ የሚለውን ተጫኚ። ከዚያ በኋላ የፎቶ ፎልደር የሆነ ሁሉ በዚያ መልክ ይከፈታል።

ያሳየሽው ልጅ ሬጅስትሪ መነካካት የሚችል ከሆነ ይህን ንገሪው፦ በዩዘርሽ ሥር፣ ሎካል ሴቲንግስ ውስጥ፣ ሼል ከሚለው ሥር ባግስ እና ባግኤምአርዩ የሚባሉ ሁለት ቁልፎች አሉ። አስቀድሞ ቅጂያቸውን ያስቀምጥ፣ ከዚያ ያጥፋቸውና ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያድርግ። የፎልደሮቹ ገጽታ በሙሉ ወደ መነሻው ይመለሳል፣ መዝገቡም ከአዲስ ይጀምራል። ፎቶዎቹ አይነኩም። ከፎርማት ይህ ስንት እጥፍ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። ኮምፒውተሩን ያገለገለ ነው የገዛሁት ብለሻል። አንድ ጊዜ አንድ ኢንተርኔት ቤት የፎልደር ሴቲንግ ሳስተካክል ግማሽ ቀን ዋልኩ። ሪስታርት ባደረግኩ ቁጥር ሁሉም እንደነበረ ይመለሳል። በኋላ ሰዓቱ አጠገብ ያለውን ትንሽ የድብ ምስል አየሁት። ዲፕ ፍሪዝ ነበር። ይህ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ሁሉንም ነገር ወደ ድሮው ይመልሳል። ለኢንተርኔት ቤትና ለትምህርት ቤት ጥሩ ነው። ከእንደዚህ ዓይነት ቦታ የወጣ ኮምፒውተር ግን አንዳንዴ እሱን እንደያዘ ይሸጣል። ላንቺ ከመስኮቱ ቦታ ይልቅ ይኼ ነው የሚያስፈራው፣ ፎቶውንም ይዞት ይሄዳላ!

ስለዚህ ከላይ ያልኩሽን ከመጀመርሽ በፊት ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጊ። ዴስክቶፕ ላይ አዲስ ባዶ ፎልደር ፍጠሪ፣ «ሙከራ» በዪው፣ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጊ። ፎልደሩ ካለ፣ አይዞሽ፣ የነገርኩሽን ከላይ ጀምረሽ ሥሪ። ከሌለ ግን ምንም ሳትነኪ ያሉሽን ፎቶዎች በሙሉ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገልብጪ። ከዚያ የሸጠልሽን ሰው ደውለሽ የዲፕ ፍሪዙን ፓስወርድ ጠይቂው። አላውቀውም ካለሽ፣ ፎቶዎቹ መገልበጣቸውን አረጋግጠሽ ኮምፒውተሩን ይዘሽ ወደ ድሬ ውረጂ። ያኔ ፎርማቱን እኔው አደርግልሻለሁ።