በደጋ አገር የአርኤክስ-7 ረዳት የአየር በሮች፦ ስሊቩ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ጠያቂያችን ያቀረቡትን ጥያቄ በጥሞና አንብቤዋለሁ። በፈረንጅ አቆጣጠር የ1987 ሞዴል የሆነችው ማዝዳ አርኤክስ-7 መኪናዎ ማርሚታዋ ሰፋ ባለ ቱቦ ከተቀየረ ወዲህ ደብረ ብርሃን ላይ ሞተሯ በደቂቃ 4000 ዙር ካለፈ በኋላ መጎተት እንዳቃታት፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ግን ትንሽ እንደምትሻል፣ ያሳዩዋቸው ባለሙያዎችም የረዳት በሮቹን ስሊቭ (ተጨማሪዎቹን የአየር መግቢያ በሮች የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ክብ ቱቦ) አውጥተው እንዲጥሉ እንደመከሩዎት ጽፈዋል። የእኔ መልስ ስሊቩን አያውጡ የሚል ነው። ስሊቩን የሚያንቀሳቅሰውን ግፊት ግን ከጭሱ ላይ አላቀው በዙር ልክ በሚታዘዝ አየር ይተኩት። ይህን ሞተር የለመድኩት ሻርጃ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ በማይል ቦታ፣ በአንድ ጋራዥ ስሠራ ነው። ወደ አገሬ ተመልሼ ደብረ ብርሃን ላይ መሥራት ከጀመርኩ በኋላም ጥቂት የሮታሪ መኪኖች (ሞተራቸው በፒስተን ፋንታ ሮተር በሚባል የሚሽከረከር ባለ ሦስት ማዕዘን ክፍል የሚሠራ) በእጄ አልፈዋል። አንዱ ዓይነት መኪና በሁለቱ ቦታዎች የሚያሳየው ጠባይ የተለያየ መሆኑን በቅርብ ስላየሁ፣ ምክንያቱን በዝርዝር ላስረዳ።

13ቢ የተባለው የመኪናዎ ሞተር እያንዳንዳቸው 654 ሲሲ የሆኑ ሁለት ሮተሮች አሉት። ቱርቦ በሌለው በእርስዎ ዓይነት ላይ ስድስት የአየር መግቢያ በሮች ይገኛሉ፤ ሁለቱ በመካከለኛው ብረት ላይ፣ አራቱ ደግሞ ከፊትና ከኋላ ባሉት የጎን ብረቶች ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ነው። ከእነዚህ አራት በሮች በየጎኑ አንዳንዱ ረዳት በር ሲሆን፣ በውስጡ መስኮት ያለው ክብ ስሊቭ ተቀምጦ በመዞር ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋልም። የረዳት በሩ ዋና ባሕርይ ዘግይቶ መዘጋቱ ነው። ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሠራ አየሩ በራሱ ፍጥነት እየተገፋ መግባቱን ስለሚቀጥል፣ ዘግይቶ የሚዘጋ በር ተጨማሪ አየር ያስገባለታል። በዝቅተኛ ዙር ግን አየሩ ይህ ፍጥነት ስለሌለው ሮተሩ ማመቅ ሲጀምር የገባው አየር ተመልሶ ወደ ማኒፎልዱ (ወደ አየር ማስገቢያ ቱቦው) ይወጣል፤ ጉልበቱም አብሮ ይሄዳል። ስሊቩ የተሠራው ይህን ለመከላከል ነው።

በ1986 እና በ1988 መካከል በተሠሩት መኪኖች ላይ ዘንግ እየገፋ ስሊቩን የሚያዞረው ክፍል፣ ማለትም አክቹዌተሩ፣ ግፊቱን የሚያገኘው ከጭስ ማውጫው በተወሰደ ቀጭን ቱቦ ነው። በውስጡ ያለው ዲያፍራም (በግፊት የሚለጠጥ ስስ ሽፋን) በአንድ ጎኑ ጭሱን፣ በሌላው ጎኑ ሞላውንና የውጭውን አየር ስለሚጋፈጥ፣ ዘንጉን የሚገፋው የጭሱ ግፊት ከውጭው አየር ግፊት የሚበልጥበት ልዩነት ብቻ ነው። ይህ ልዩነት የሚፈጠረው ጭሱ በካታሊስቱ (በጭስ ማጣሪያው) እና በማርሚታው ሲያልፍ ከሚገጥመው መታፈን ሲሆን፣ ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻ ተረግጦ ሳለ ከዙሩ ጋር በካሬ ያድጋል፤ ከአየሩ መሳሳት ጋር ደግሞ ይወርዳል።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሰባ በመቶ ያህል ብቻ ነው። በመሆኑም በአንድ ዓይነት ዙር የሚገኘው የጭስ ግፊት ልዩነት በሠላሳ በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ያንኑ ግፊት ለማግኘት ዙሩ በአምስት አንድ እጅ ያህል መጨመር ስላለበት፣ በባሕር ዳርቻ 3800 ዙር አካባቢ መከፈት የሚጀምረው በር እኛ ዘንድ ወደ 4500 ይዘገያል። ይህ ፋብሪካው የገጠመው ማርሚታ ባለበት ነው። ሰፊው ቱቦ መታፈኑን በግማሽ ቀንሶት ከሆነ ደግሞ በሩ ከ6000 ዙር በፊት ጨርሶ አይከፈትም ማለት ነው፤ የመኪናዎ ቀይ መስመር፣ ማለትም ሞተሩ ሊያልፈው የማይገባው ዙር፣ 7000 መሆኑን ሲያስቡት ረዳት በሮቹ እንደሌሉ ያህል ነው። ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ አየሩ ይወፍራል፤ እዚያ ማንኛውም ሞተር እንደሚሻለው የታወቀ ቢሆንም፣ የእርስዎ መኪና ግን ከዚያ በተጨማሪ በሮቿ ቀደም ብለው ስለሚከፈቱላት ጭምር ነው የምትሻለው።

ይህን በስሌት ብቻ አልቀበልኩትም። ከአክቹዌተሩ ቱቦ ቅርንጫፍ አውጥቼ ረጅም የጎማ ቱቦ ወደ ጋቢናው በማስገባት ማኖሜትር (ባለ ቀስት ግፊት መለኪያ) ላይ አስሬ፣ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ያለውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ቤንዚኑን እስከ መጨረሻ ረግጬ ወጥቻለሁ። ከደብረ ሲና እንደወጡ ባሉት ጠመዝማዛዎች ላይ 4000 ዙር ሲደርስ ቀስቱ ከፍ ብሎ ይቆም ነበር፤ ከ3000 ሜትር በላይ ወዳለው ዋሻ ሲቃረቡ ግን በዚያው ዙርና በዚያው አረጋገጥ ቀስቱ በግልጽ ዝቅ ብሎ ይታያል። ሙከራው መንገድ ላይ መደረግ ያለበትም ለዚህ ነው። መኪናው ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ዙር ቢሰጡት ጭነት ስለሌለ የሚወጣው ጭስ ትንሽ ነው፤ ዘንጉ ባይንቀሳቀስ ተበላሽቷል፣ ቢንቀሳቀስም ደህና ነው ብለው እንዳይደመድሙ።

ሞተሩ ረዳት በሩን የሚፈልግበት ዙር ግን ከፍታ ሲጨምር እምብዛም አይለወጥም። በሩ ክፍት ሆኖ የሚቆይበትን ጊዜ የሚወስነው የሮተሩ ፍጥነት ሲሆን፣ በማኒፎልዱ ውስጥ የሚመላለሰው የአየር ሞገድም ፍጥነቱ የሚለወጠው በሙቀት እንጂ በአየሩ መሳሳት አይደለም። የችግሩ ሥር ይኸው ነው፦ ፍላጎቱ በዙር ይወሰናል፣ ትእዛዙ ግን በአየሩ ውፍረት። ማዝዳም ራሱ በ1989 ሞዴል የጭሱን ግፊት ትቶ በሞተሩ ከሚዞር የአየር ፓምፕ የሚመጣ ግፊትን በኮምፒውተር በሚታዘዝ ሶሎኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ) መጠቀም ጀመረ፤ በ2003 በወጣው አርኤክስ-8 ላይ ደግሞ ባለ ስድስት በሩን ዓይነት በኤሌክትሪክ ሞተር እንዲከፈት አደረገው። እርስዎም የሚሄዱት ፋብሪካው በሄደበት መንገድ ነው።

ስሊቩን ማውጣት ቀላል መሆኑን አልክድም፤ ለውድድር ብቻ በሚውል፣ ከ5000 ዙር በታች በማይወርድ መኪና ላይም ትክክል ነው። ነገር ግን የሮታሪ ሞተር ከመሠረቱ በዝቅተኛ ዙር ጉልበቱ አነስተኛ ነው፤ በዚህ ከፍታ ላይ ከዚያም ሠላሳ በመቶውን አየሩ ወስዶበታል። የተረፈውን ደግሞ በገዛ እጅ ወደ ማኒፎልዱ መመለስ አግባብ አይመስለኝም። ጣርማ በርን ጭነት ከያዘ ሲኖትራክ ኋላ ሆኖ የወጣ ሰው መኪናው አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በ2000 እና በ3000 ዙር መካከል መሆኑን ያውቃል። ዘንጎቹን በሽቦ አስሮ ክፍት ማቆየትም ውጤቱ ያው ነው። ከማኒፎልዱ የሚገኘውን ቫኪዩም (የመሳብ ኃይል) እንጠቀም የሚሉም አሉ፤ ነገር ግን ቫኪዩሙ የሚጠፋው ቤንዚኑ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ፣ ማለትም በሩ ሊከፈት በሚገባው ሰዓት ነው፤ አክቹዌተሩም የተሠራው እንዲገፋ እንጂ እንዲሳብ አይደለም። የበር መቆለፊያ ሞተሮችን የሚገጥሙም አጋጥመውኛል፤ እነዚያ ለቅጽበት ገፍተው እንዲያቆሙ እንጂ ኤሌክትሪክ እየወሰዱ ይዘው እንዲቆዩ ስላልተሠሩ ፈጥነው ይቃጠላሉ።

እኔ የምመክረው አሠራር እንዲህ ነው። በ12 ቮልት የሚሠራ አነስተኛ የአየር ፓምፕ፣ አየሩ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ፣ ትንሽ የአየር ማጠራቀሚያ፣ ግፊት መቀነሻ ሬጉሌተር፣ ሦስት አፍ ያለው ሶሎኖይድና አርፒኤም ስዊች የሚባለው፣ በተወሰነ ዙር ላይ ኤሌክትሪክ የሚያገናኝና የሚያቋርጥ መሣሪያ ያስፈልጋሉ። ሶሎኖይዱ ከአሮጌ መኪኖች የቫኪዩም መስመር ላይ የሚገኘው ዓይነት ሆኖ ሶማሌ ተራ በቀላሉ ያገኙታል። ተራው የጎማ መንፊያ ፓምፕም ያገለግላል፤ ሆኖም ያለ ማቋረጥ እንዲሠራ ስላልተሠራ ማጠራቀሚያው ሲሞላ የሚያጠፋው የግፊት ስዊች፣ እንዲሁም የራሱ ሪሌና ፊውዝ ይደረግለት። ሬጉሌተሩን ከሁሉ በላይ አጥብቄ አሳስባለሁ። አክቹዌተሩ የተሠራው ለጭስ ግፊት ስለሆነ የሚበቃው እጅግ ትንሽ ነው፤ የጎማ መንፊያ ግፊት በቀጥታ ከደረሰው ዲያፍራሙ ይቀደዳል። ሬጉሌተሩን ከዜሮ ጀምረው ቀስ በቀስ እየከፈቱ ሁለቱም ዘንጎች እስከ መጨረሻ የሚወጡበትን ነጥብ ያግኙና ከዚያ እጅግ ጥቂት ብቻ ጨምረው ይቆልፉት። ሶሎኖይዱም ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በአክቹዌተሩ ውስጥ ያለውን አየር ወደ ውጭ የሚለቅ መሆን አለበት፤ ያኔ አንድ ነገር ቢበላሽ ሞላው ስሊቩን ይዘጋዋል፣ መኪናውም በደህና ቤት ይደርሳል።

ለአርፒኤም ስዊቹ ምልክቱን ከሊዲንግ ቦቢናው (ቀድመው የሚተኩሱትን ካንዴላዎች ከሚያገለግለው) ይውሰዱ። ይህ ቦቢና በዋናው ዘንግ አንድ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚተኩስ ስዊቹን እንደ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር አድርገው ያስተካክሉታል፤ ከትሬሊንግ ቦቢናዎቹ (ዘግይተው የሚተኩሱትን ካንዴላዎች ከሚያገለግሉት) ከአንዱ ቢወስዱ ግን በዙር አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚተኩስ ንባቡ በግማሽ ያንሳል። የሚከፈትበትን ዙር ለማግኘት ዘንጎቹን መጀመሪያ ተዘግተው፣ ቀጥሎ ተከፍተው እንዲቆዩ አድርገው በሁለተኛ ማርሽ ከ2500 እስከ 6000 ዙር ሲወጣ የዙር ቆጣሪውን በስልክ ይቅረጹና ሁለቱን ቪዲዮዎች ያስተያዩ፤ ክፍቱ ከዝጉ መቅደም የሚጀምርበት ነጥብ የእርስዎ መኪና መክፈቻ ነው። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ በሠራኋቸው መኪኖች ይህ ነጥብ ከ3800 እስከ 4200 ባለው ውስጥ ሲወድቅ አይቻለሁ፤ ከባሕር ዳርቻው ብዙም አልራቀም። መዝጊያውን ከመክፈቻው ሁለት ወይም ሦስት መቶ ዙር ዝቅ ያድርጉት፤ አለበለዚያ ዳገት ላይ በዚያ ዙር ሲቆዩ በሩ ያለ ዕረፍት ይከፈትና ይዘጋል። ከጫጫ ወደ ደብረ ብርሃን ያለው ሜዳ ለዚህ ሙከራ የሚመች ቢሆንም፣ ገበያ ባልሆነ ቀን፣ መንገዱ ከከብትና ከጋሪ ነጻ ሲሆን ብቻ ይሁን። በሦስተኛ ማርሽ ግን አይሞክሩት፤ 6000 ዙር በዚያ ማርሽ ከ120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያላነሰ ፍጥነት ነው።

በሮቹ በሰዓቱ መከፈት ሲጀምሩ ሞተሩ ከዚህ በፊት ያላገኘውን አየር ያገኛል፤ ስለዚህ የቤንዚኑ መጠን መከተሉን በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን በሚለካ ሰፊ መለኪያ ሴንሰር ማረጋገጥ ግድ ነው። ይህን ደብረ ብርሃን ላይ ብቻ ለክቶ ማቆም አይበቃም። ሸዋ ሮቢት ላይ አየሩ ከደብረ ብርሃኑ በአምስት አንድ እጅ ያህል ይወፍራል፣ ሙቀቱም ከፍተኛ ነው፤ ቤንዚኑ ለገባው አየር የሚያንስና ሞተሩ የሚያንኳኳ (ቤንዚኑ ያለ ሥርዓት የሚፈነዳ) ከሆነ የሚታወቀው እዚያ ነው። በሮታሪ ሞተር ላይ ማንኳኳት የመጀመሪያ ጉዳቱ አፔክስ ሲሉን (በሮተሩ ጫፍ ላይ ያለውን መዝጊያ) መስበር ስለሆነ ታች ወርደው ሳይለኩ አጥብቀው አይንዱ። ከጭስ ማውጫው ይመጣ የነበረውን አሮጌ ቱቦም በጎማ ቆብ ሳይሆን በብየዳ ወይም በብረት ብሎን ይድፈኑት፤ ከዚያ የሚያፈስ ጭስ ወደ ጋቢናው ገብቶ ሰው ሊገድል ይችላል።

አንድም ዕቃ ሳይገዙ በፊት ግን ሁለቱን ዘንጎች በጣትዎ ገፍተው ይመልከቱ። ለስለስ ብለው ተገፍተው ሞላው በራሱ ሊመልሳቸው ይገባል፤ የፊተኛውና የኋለኛው ለየብቻ ይፈተኑ፣ ምክንያቱም አንዱ ብቻ ሲጣበቅ አንዱ ሮተር ከሌላው የበለጠ አየር አግኝቶ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። በዚህ ሞዴል ጭሱ ለዓመታት በቱቦው ውስጥ ሲመላለስ ጥላሸትና እርጥበት ስለሚያከማች፣ ደጋ አገር ደግሞ በውርጭ ሌሊት ቱቦው ውስጥ ውሃ ስለሚጠራቀም፣ መጣበቅ የተለመደ ነው። ተጣብቀው ካገኟቸው ማኒፎልዱን አንስተው ስሊቮቹን ማውጣት፣ የትኛው የፊት የትኛው የኋላ እንደሆነና መስኮቱ ወዴት እንደሚዞር ምልክት ማድረግ፣ ጥላሸቱን በካርቡራቶር ማጽጃ አለስልሶ በጨርቅ መጥረግ ይኖርብዎታል። በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጓቸው፤ ክፍተታቸው ከሰፋ አየር ያሾልካሉ። ሲመልሱ የማኒፎልዱ ጋስኬት አዲስ ይሁን። ይህ ተደርጎም ዘንጎቹ በጣት ካልተንቀሳቀሱ፣ ከላይ የዘረዘርኩት ፓምፕና ሶሎኖይድ ሁሉ ምንም አይፈይድልዎትም።