ኤማሁስ የትኛዋ ናት?

ጥያቄ፦ ሉቃስ 24 ላይ ሁለቱ ደቀ መዛሙርት የሄዱባት ኤማሁስ ዛሬ የት ናት? ሁለት ወዳጆቼ በየጊዜው ኢየሩሳሌም ሄደው ኤማሁስን አየን ይላሉ፤ ፎቶዎቻቸው ግን ፈጽሞ አይገናኙም። የተሸወደው ማነው?

መልስ፦ ማንም አልተሸወደም። ኤማሁስ ናት የሚባልላቸው ቦታዎች ቢያንስ አራት ናቸው።

ጭቅጭቁ የመጣው ከርቀቱ ነው። ሉቃስ ከኢየሩሳሌም 60 ምዕራፍ ትርቃለች ይላል፤ ምዕራፍ እዚህ ላይ የጥንት የርቀት መለኪያ ነው፣ አንዱ 185 ሜትር ገደማ ስለሆነ 11 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። በ4ኛው መቶ ዘመን የተጻፈውን ኮዴክስ ሲናይቲከስን ጨምሮ አንዳንድ ጥንታዊ ቅጂዎች ግን 160 ይላሉ። ይሄ ደግሞ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው።

160ውን የያዙ ሰዎች የሚጠቁሙት ከኢየሩሳሌም በስተ ምዕራብ ላትሩን አጠገብ የነበረችውን ኢምዋስ የምትባል መንደር ነው። ጠንካራ ማስረጃ አላቸው፤ ስሙ እስከ ዘመናችን እዚያው ቆይቷል፣ የጥንት የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊዎቹ አውሳብዮስና ሄሮኒሞስም ኤማሁስ ይህች ናት ብለዋል፣ የአይሁድ የጦር መሪ የነበረው ይሁዳ መቃቢስ ድል ያደረገበት ጦርነትም እዚሁ ነበር (የእኛው መቃብያን ላይ አትፈልጉት፣ በግሪኩ አንደኛ መቃብያን ነው ያለው)። ሮማውያን በኋላ ኒቆጶሊስ ብለዋታል። መንደሯ በ1967ቱ (እ.ኤ.አ.) ጦርነት ፈርሳ ዛሬ መናፈሻ ነው፣ የቢዛንታይን ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ በፎቶው ላይ ካለ እዚህ ሄደዋል ማለት ነው።

እኔን የሚከብደኝ መንገዱ ነው። ሰዎቹ እዚያ ሲደርሱ መሽቷል፣ ማዕድ ላይ ተቀምጠዋል፣ ከዚያ በዚያችው ሰዓት ተነስተው ኢየሩሳሌም ተመልሰው አሥራ አንዱን ተሰብስበው አገኟቸው። ሰላሳ ኪሎ ሜትር፣ በዚያ ላይ ዳገት፣ በሌሊት! አይቻልም አልልም፣ ግን ይከብዳል።

ሌሎቹ ሁለት ቦታዎች፣ ቁበይባና አቡ ጎሽ፣ ለ60ው ይቀርባሉ። ችግራቸው ከኤማሁስ ጋር መያያዝ የጀመሩት ከመስቀል ጦረኞች ዘመን ወዲህ መሆኑ ነው። አቡ ጎሽ ያለው የ12ኛው መቶ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ግን በጣም ያምራል፣ መንገዳችሁ ከሆነ እንዳያመልጣችሁ።

እኔ የማደላው ወደ አራተኛዋ፣ ወደ ሞጻ ነው። የታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍ ፍላቪየስ፣ የሮም ንጉሠ ነገሥት ቬስፓስያን 800 ከውትድርና የተሰናበቱ ወታደሮችን ከኢየሩሳሌም 30 ምዕራፍ በምትርቅ አማኡስ በምትባል ቦታ አሰፈረ ይላል። ሞጻ ላይ የነበረው የአረብ መንደር እስከ 1948 (እ.ኤ.አ.) ቃሎንያ ይባል ነበር፤ ኮሎኒያ ደግሞ ላቲኖቹ የሰፈራ ቦታን የሚጠሩበት ስም ነው። ደርሶ መልሱ 60 ይሞላል፣ በአንድ ምሽት መመለስም ቀላል ነው። ጎዶሎዋ አንድ ነው፤ 30 የሚል የሉቃስ ቅጂ የለም።