መልስ፦ ድኝ እንደ ወርቅ ገዝቶ ማስቀመጥ ያዋጣል ወይ?

"ድኝ (ሰልፈር) ገዝቼ ሲወደድ ብሸጠውስ?" ላልከው፣ እኔ አልመክርም። ጣጣው የሚጀምረው ከአቅርቦቱ ነው። ዛሬ የሚሸጠው ድኝ አብዛኛው ከድፍድፍ ነዳጅና ከተፈጥሮ ጋዝ ተለይቶ የሚወጣ ተረፈ ምርት ነው። ማጣሪያው ናፍጣውን ማጽዳት ግዴታው ስለሆነ ዋጋው ቢወድቅም ማውጣቱን አያቆምም፤ ቢወደድም ለድኝ ብሎ ተጨማሪ ድፍድፍ አያጣራም። ስለዚህ ዋጋው ሲወጣም ሲወርድም ልክ የለውም። በ2008 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ላይ ቶኑ ብዙ መቶ ዶላር ደርሶ ዓመቱ ሳያልቅ ከ100 በታች ወርዷል።

ማስቀመጡም ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። ብናኙ አየር ላይ ከተንሳፈፈ በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል፤ እርጥበት ሲያገኘው የነካውን ብረት ይበላል። ቀልጦ ሲጓጓዝ ደግሞ ጠባዩ ይገርማል፦ በ115 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀልጣል፣ እስከ 155 ድረስ በቀላሉ ይፈሳል፣ 160ን ሲያልፍ ግን አተሞቹ ረጃጅም ሰንሰለት ስለሚሠሩ እንደ ሬንጅ ወፍሮ ፓምፑን ያንቃል። "ያልፈሰሰው ስለቀዘቀዘ ነው" ብሎ ሙቀት የሚጨምር ሰው ነገሩን ያባብሰዋል።

ፍላጎቱን ለመገመት ማዳበሪያን ተከታተል። አብዛኛው ድኝ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል፤ 1 ቶን ድኝ ወደ 3 ቶን አሲድ ይሰጣል። የአሲዱ ትልቁ ተጠቃሚ የፎስፌት ማዳበሪያ ነው። የማዳበሪያ ፋብሪካ አክሲዮን ልትገዛ ካሰብክ ግን ልብ በል፦ ድኝ ለእነሱ ወጪ ስለሆነ ሲወደድ ትርፋቸው ይሳሳል።